«አባባ ሌሊት ሌሊት ይቀባዥራሉ»፦ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የአረጋውያን እንቅልፍና አእምሮ

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች ሦስቱ በአንድ ጉዳይ ላይ ስለተገናኙ ዓምዱን በሙሉ ለእነርሱ ሰጥተናል።

ጥያቄ፦ የተከበሩ ዶክተር፣ አባቴ የ74 ዓመት አረጋዊ ሲሆኑ የሥራ ዘመናቸውን በሙሉ ያሳለፉት በሸሚንደፈር (በምድር ባቡር) ነው። ባለፈው ሳምንት ሳቢያን ባለው ቤታችን ደጃፍ ላይ ወድቀው የዳሌ አጥንታቸው ስለተሰበረ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። የመጀመሪያው ቀን ሰላም ነበር። በሁለተኛው ሌሊት ግን የጉሉኮሱን መርፌ ነቅለው ከአልጋ ለመውረድ ታገሉን፤ «ባቡሩ ደርሷል፣ ፊሽካዬን ስጡኝ» እያሉ ከሞቱ ብዙ ዓመት የሆናቸውን የሥራ ባልደረቦቻቸውን በየስማቸው ይጣራሉ። ሲነጋ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆነው ከጠያቂ ጋር ይጫወታሉ፤ ከቀትር በኋላ እንቅልፍ ይጥላቸዋል፤ ሲመሽ ደግሞ እንደገና ይጀምራቸዋል። አንዳንዱ ሰው ጃጅተዋል ይላል፣ አንዳንዱ ወደ ጠበል ውሰዷቸው ይላል፣ ጎረቤታችን ደግሞ ራሷ የምትውጠውን የእንቅልፍ ኪኒን ይዛልን መጥታለች። እስካሁን አልሰጠናቸውም። አእምሯቸው ይመለስ ይሆን? ኪኒኑንስ እንስጣቸው?
ልጃቸው፣ ከድሬዳዋ

መልስ፦ እህቴ፣ ኪኒኑን ሳይሰጡ መቆየትዎ መልካም አድርገዋል፤ አሁንም አይስጧቸው። ምክንያቱን ወደ ኋላ ላይ እመለስበታለሁ። የገለጹት ነገር በሕክምናው ዴሊሪየም የሚባለውን፣ በቋንቋችን መቀባዠር ብንለው የሚስማማውን ሕመም ይመስላል። ይህ እብደት አይደለም፤ መጃጀትም አይደለም። የመርሳት በሽታ በወራትና በዓመታት ቀስ እያለ የሚገባ ሲሆን፣ መቀባዠር ግን ብዙውን ጊዜ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ከአንድ እስከ ሦስት ቀናት ውስጥ በድንገት ይጀምራል፤ በአንድ ቀን ውስጥ እንኳ ይመጣል ይሄዳል፤ ሲመሽም ይብሳል። አባትዎ ጠዋት ሲጫወቱ ውለው ሌሊት ባቡር መጠበቃቸው የዚሁ ሕመም ጠባይ ነው። የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ በሚታከሙ አረጋውያን ዘንድም እጅግ የተለመደ ነው።

የተለመደ ነው ማለት ግን ይተው ማለት አይደለም። መቀባዠር ሰውነት ውስጥ የተበላሸ ነገር እንዳለ የሚናገር ምልክት ነውና አስቀድሞ መንስኤው መፈለግ አለበት፦ የቁስል፣ የሽንት ወይም የሳንባ ኢንፌክሽን፣ የሽንት መቋጠር፣ የሆድ ድርቀት፣ በደም ውስጥ ያለው ጨው ወይም ስኳር መዛባት፣ የኦክስጅን ማነስ፣ በቂ ማስታገሻ ያላገኘ ሕመም፣ ወይም አእምሮን የሚያደነዝዝ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዛሬውኑ ተረኛውን ሐኪም አግኝተው «አባቴ ከቀዶ ሕክምናው በፊት እንዲህ አልነበሩም፤ የጀመራቸው በዚህ ሌሊት ነው» ብለው ቀኑንና ሰዓቱን ጠቅሰው ይንገሩ። ሐኪሙ አባትዎን ያወቃቸው ከሳምንት ወዲህ ነው፤ ለውጡን ሊመሰክር የሚችለው አብሯቸው የኖረ ሰው ብቻ ስለሆነ፣ «ዕድሜ ነው» ብሎ ቢመልስዎትም እንኳ ጥያቄዎን ደግመው ያቅርቡ።

እዚህ ላይ ስለራሴ አንድ ነገር ልናገር። የእናቴ እናት አንጀታቸውን ቀዶ ሕክምና ሲደረግላቸው እኔ ገና ከትምህርት የወጣሁ ሐኪም ነበርኩ። በሦስተኛው ቀን ጸጥ አሉ። እንጀራው ቢቀርብላቸው አይነኩትም፣ ቢጠሯቸው ዐይናቸውን ገልጠው መልሰው ይከድናሉ፤ አውራ ጣታቸው ግን የነጠላቸውን ጥለት ያለማቋረጥ ይቆነጥር ነበር። እኔም «ተመስገን፣ ዛሬስ ዐረፉ» ብዬ በር ላይ ቆሜ ጠያቂ መለስኩ። ማታ ላይ እጃቸውን ይዤ ማን እንደሆንኩ ብጠይቃቸው ስሜን አላወቁትም። መቀባዠር የሚጮህ ብቻ አይደለም፤ ዝም የሚልም አለ፤ በአረጋውያን ላይ ይበልጥ የሚዘወተረውና ሳይታወቅ የሚያልፈውም ይኸው ዝምተኛው ነው። አባትዎ አንድ ቀን ድንገት ጭምት ሆነው ካገኟቸው ዐርፈዋል ብለው አይለፉት። የሳምንቱን ቀናት ከእሑድ ጀምረው ወደ ኋላ እንዲቆጥሩ ይጠይቋቸው። ሁለት ሦስት ቀን ቆጥረው ሐሳባቸው ከጠፋባቸው ለነርሷ ይንገሩ።

እንቅልፍ ከዚህ ሁሉ ጋር ምን አገናኘው? ቀዶ ሕክምና በሰውነት ላይ የሚያስነሣው ብግነት፣ ሕመሙና ሕመሙን ለማስታገስ የሚሰጡት እንደ ሞርፊን ያሉ መድኃኒቶች ተደማምረው በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ጥልቁን እንቅልፍና ሕልም የምናይበትን የእንቅልፍ ክፍል በእጅጉ ይቀንሷቸዋል። ታማሚው ዐይኑን ከድኖ ሊያድር ይችላል፤ አእምሮው ግን የሚጠገንበትን እንቅልፍ አላገኘም። በዚህ ላይ መብራቱ፣ የመድኃኒት ጋሪው ኮቴ፣ የሌሊቱ የደም ግፊት ልኬትና የጎን አልጋ አስታማሚ ስልክ ሲጨመርበት የቀንና የሌሊት ልዩነት ይጠፋል። የዓለም ጤና ድርጅት በሕሙማን ክፍል የሌሊቱ ድምፅ ከ30 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይመክራል፤ ይህም የሹክሹክታ ያህል ነው። በየትኛው ዋርዳችን ይህ እንደሚከበር አንባቢ ያውቃል። ከቀዶ ሕክምናው በፊትም እንቅልፋቸው የተረበሸ አረጋውያን በኋላ የመቀባዠር ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑ በተደጋጋሚ ታይቷል። መቀባዠሩ በበኩሉ እንቅልፍን ስለሚያባርር ሁለቱ እየተመጋገቡ ይሄዳሉ፤ በመካከላቸው ገብቶ ሰንሰለቱን ለመቁረጥ ከሁሉ የሚቀርበው ደግሞ አስታማሚው ነው።

ይህን ስል ተስፋ ለመስጠት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ የታወቀ የአሜሪካ ጥናት በውስጥ ደዌ ክፍል የተኙ ዕድሜያቸው 70 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 852 ሕሙማንን ተከታትሎ ነበር። እንደወትሮው ከታከሙት 15 በመቶው ሲቀባዥሩ፣ በተለየ እንክብካቤ ከተያዙት የቀባዠሩት 9.9 በመቶ ብቻ ነበሩ። የእንቅልፉ እንክብካቤ ምን እንደነበር ስንመለከት ማናችንም የማናጣው ነገር ነው፦ ማታ ትኩስ ወተት ወይም የቅጠል ሻይ፣ ለስለስ ያለ ሙዚቃ፣ የጀርባ እሽት፣ የክፍሉን ጫጫታ መቀነስ፣ ሕመምተኛው እንዳይቀሰቀስ የመድኃኒትና የልኬት ሰዓቶችን ማቀናጀት። በታይዋን ደግሞ ሆዳቸውን ከባድ ቀዶ ሕክምና በተደረገላቸው 377 አረጋውያን ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ጥናት፣ ነርሶች በየቀኑ ቦታውንና ጊዜውን እያስታወሱ ሲያነጋግሯቸው፣ ምግባቸውን ሲከታተሉና ቶሎ ከአልጋ ሲያስነሷቸው፣ የሚቀባዥሩት ከ15.1 ወደ 6.6 በመቶ ወርደዋል። በእኛ ሆስፒታሎች ይህን ሁሉ የሚሠራ ነርስ በቁጥር አይበቃም፤ ነገር ግን በእያንዳንዱ አልጋ አጠገብ አስታማሚ አለ፤ ይህም ብዙ ሀብታም አገሮች የሌላቸው ሀብት ነው።

እንግዲህ ከዛሬ ማታ ጀምሮ እንዲህ ያድርጉ። ድሬዳዋ ፀሐይ ከጠለቀችም በኋላ ግድግዳው ሙቀት ስለሚተፋ፣ ሰውነት ደግሞ ካልቀዘቀዘ እንቅልፍ ስለማይዘው፣ ሲመሽ መስኮቱን ከፍተው አጎበሩን ያውርዱ፤ ማራገቢያውን ፊታቸው ላይ ሳይሆን ወደ ግድግዳው ያዙሩት። በ2 ሰዓት ገደማ እግራቸውን በለብ ባለ ውኃ ያጥቧቸው፤ ሐኪሙ ምግብና መጠጥ ከፈቀደላቸው ትኩስ ወተት ይስጧቸው፤ ሽንታቸውን አስሸኗቸው፤ ጀርባቸውን በእጅዎ መዳፍ ከትከሻ ወደ ታች ቀስ እያሉ ይሹላቸው። ቁስላቸው እንደሚያማቸው ሳይጠይቁ አይተዉ፤ ብዙ አባቶች ሕመምን ችሎ ዝም ማለትን ክብር አድርገው ስለያዙት «ደህና ነኝ» ይላሉ፣ ሕመሙ ግን ሌሊቱን ሙሉ ያነቃቸዋል። የማታው ማስታገሻ ከመኝታ በፊት እንዲደርሳቸው ነርሷን ይጠይቁ፤ የሌሊቱ ልኬትና መድኃኒትም የሐኪሙ ፈቃድ ካለ በአንድ ሰዓት እንዲገጣጠም ይለምኑ። በ3 ሰዓት መብራቱ ይጥፋ፤ ሲነቁ የት እንዳሉ እንዳይጠፋቸው ከበር በኩል የምትገባ ደብዛዛ ብርሃን ትበቃለች። ስልክዎ ድምፁ ይጥፋ፤ ያዛኙ ሁሉ ጥሪ ጠዋት ይመለሳል።

ሲቀባዥሩ ስለ ባቡሩ አይከራከሯቸው፤ ባቡሩ አለም አይበሏቸው። እጃቸውን ይዘው «አባባ፣ እኔ ነኝ፤ ሆስፒታል ነው ያለነው፤ እግርዎ ታክሟል፤ አሁን ሌሊት ነው» ብለው በዝግታ ይንገሯቸው፤ ያንኑ አሥር ጊዜ መድገም ቢያስፈልግም ይድገሙት። መርፌውን እንዳይነቅሉ ክንዱ በሻሽ ይሸፈን እንጂ እጃቸው ከአልጋው ጋር አይታሰር፤ ማሰር ድንጋጤውንና መቀባዠሩን ያባብሳል፣ ለጉዳትም ይዳርጋል።

የሌሊቱ እንቅልፍ የሚሠራው ግን ቀን ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ መጋረጃው ይከፈት፤ ፊታቸው ይታጠብ፤ መነጽራቸው፣ የመስሚያ መሣሪያቸውና ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው ካላቸው ወዲያው ይደረግላቸው፤ ማየትና መስማት ያልቻለ ሰው ያለበትን ቦታ ሊያውቅ አይችልምና። የአጥንት ሐኪሙና የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው እንደፈቀዱት መጠን ይቀመጡ፣ ይቁሙ፣ ይራመዱ። የሽንት ቱቦ ገብቶላቸው ከሆነ መቼ እንደሚወጣ በየቀኑ ይጠይቁ። የድሬዳዋ ሰው የቀትር ዕረፍት ልማዱ ነውና ጨርሶ አይከልክሏቸው፤ ነገር ግን ከግማሽ ሰዓት አይለፍ፣ ከ9 ሰዓት በኋላም አይሁን። ስለ ጠያቂ ሳስብ ልቤ ይከፈላል። ጠያቂ ማብዛት የእኛ ደግነት ነው፤ ለሕመምተኛውም መድኃኒት ነው። ይሁን እንጂ አሥራ አምስት ሰው አልጋ ከቦ አመሻሹ ላይ የሚያደርገው ጨዋታ የተዳከመ አእምሮን ይበትናል። ስለዚህ ጥየቃው በጠዋትና ከቀትር በኋላ ሁለት ሁለት ሰው እየሆነ ይደረግ፤ የሸሚንደፈር ባልደረቦቻቸው ካሉ ቀን መጥተው ያጫውቷቸው፤ ከመግሪብ በኋላ ግን አንድ አስታማሚ ብቻ ይቅር። የሚቻል ከሆነ ያ አስታማሚ በየሌሊቱ ባይቀያየር ይመረጣል።

አሁን ወደ ኪኒኑ ልመለስ። ብዙ ጊዜ ለጎረቤት የሚታደለው ዲያዜፓም ነው። ከመድኃኒቱ ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ በ20 ዓመት ወጣት 20 ሰዓት ያህል ሲፈጅ፣ በ80 ዓመት አረጋዊ ዘንድ 90 ሰዓት ያህል ሊፈጅ ይችላል። ዛሬ የሰጧቸው ኪኒን ከነገ ወዲያም እዚያው ነው፤ የነገው ሲጨመርበት ይከማቻል። ያደነዝዛል እንጂ የሚጠግነውን እንቅልፍ አያመጣም፤ በዚያ ላይ መቀባዠርን ይቀሰቅሳል፣ ለዳግም መውደቅም ያጋልጣል። ለአለርጂና ለጉንፋን ከፋርማሲ የሚገዙት ፕሮሜታዚን፣ ክሎርፌኒራሚንና ዲፌንሃይድራሚንም እንቅልፍ ያመጣሉ ተብለው ይሰጣሉ፤ እነርሱም አእምሮ ለትኩረትና ለማስታወስ የሚጠቀምበትን አሴቲልኮሊን የተባለ ንጥረ ነገር ሥራ ስለሚያግዱ ለአረጋውያን አይመከሩም። ፔቲዲን የተባለው የሕመም ማስታገሻም በአረጋውያን ላይ መቀባዠርን በማምጣት የታወቀ ስለሆነ፣ ታዝዞላቸው ከሆነ ሌላ አማራጭ እንዳለ ሐኪሙን ይጠይቁ። አንድ ነገር ግን በጥብቅ አሳስባለሁ፦ አባትዎ ራሳቸው ለዓመታት ዲያዜፓም ይወስዱ ከነበረ በድንገት ማቋረጡም መቀባዠርን ያመጣልና ይህን ለሐኪሙ ሳይደብቁ ይንገሩ።

አእምሯቸው ይመለሳል ወይ ላሉት፣ አብዛኛው ሰው በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። አንዳንዱ ወራት ይፈጅበታል፤ ጥቂቱ ደግሞ ወደ ቀድሞው ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል፤ የቀባዠሩ አረጋውያን በኋለኞቹ ዓመታት ትዝታቸው ይበልጥ በፍጥነት እንደሚደክምም ታይቷል። ለዚህ ነው እያንዳንዷ ሌሊት የምትቆጠረው። ቤት ከገቡ ከሦስት ወር በኋላ የማስታወስ ችሎታቸውን የሚመረምር ሐኪም ዘንድ ይውሰዷቸው። ወደፊት ሌላ ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልጋቸውም ይህ እንደደረሰባቸው ለሰመመን ባለሙያው አስቀድመው ይናገሩ። ጠበሉን በተመለከተ፣ እምነትዎ ነውና ሐኪሙ ሲያሰናብታቸው ይደርሳል፤ አሁን ግን ከሆስፒታል አያውጧቸው።

ጥያቄ፦ እናቴ የ70 ዓመት አረጋዊት ናቸው። ሙሉ ሰመመን አእምሮ ያደክማል ስለተባልን ቀዶ ሕክምናው ከወገብ በታች በሚያደነዝዘው ብቻ ይደረግልን ብለን እንከራከር?
ከከዚራ፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ በዚህ ብቻ አይከራከሩ። በቻይና ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት የዳሌ አጥንታቸው የተሰበረ 65 ዓመት የሞላቸውና ከዚያም ያለፉ 950 ሰዎችን በሁለቱ መንገዶች ከፍሎ ሲከታተል፣ የሚቀባዥሩት ከወገብ በታች በደነዘዙት ዘንድ 6.2 በመቶ፣ በሙሉ ሰመመን በታከሙት ዘንድ 5.1 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል፤ ይህ ልዩነት የለም የሚያሰኝ ነው። ለእናትዎ ልብና ሳንባ የሚስማማውን የሰመመን ባለሙያው ይምረጥ፤ የእርስዎን ጥረት ለሌሊቱ እንቅልፋቸው ያቆዩት።

ጥያቄ፦ አባቴ የ68 ዓመት ሰው ናቸው። ከሦስት ሳምንት በኋላ የፕሮስቴት ዕጢያቸው ቀዶ ሕክምና ሊደረግላቸው ተቀጥሯል። ከአርባ ዓመት በላይ ጫት ይቅማሉ፤ በርጫቸው አመሻሽ ድረስ ስለሚዘልቅ ከሌሊቱ 8 ሰዓት በፊት አይተኙም። ማንኮራፋታቸውም ለጎረቤት ይሰማል። ጫቱን ለሐኪም እንድንናገር አይፈልጉም፤ ቢያቆሙ ደግሞ ዱካኩን ይፈራሉ። ቡናና ከቡና ገለባ ወይም ቅጠል በወተት የሚፈላውን ሆጃም ይወዳሉ። ምን እናድርግ?
ልጃቸው፣ ከሐረር ሸዋ በር

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ጫቱ ለሰመመን ባለሙያው ይነገር። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ስለሚያደርግ፣ ሰመመን የሚሰጠው ሰው ሳያውቀው ቢቀር አደጋው ቀዶ ሕክምናው ጠረጴዛ ላይ ነው የሚታየው። የሐረር ሐኪም ጫት የሚቅም አባት ሲያይ አይገረምም፣ አይፈርድምም። አባትዎ በእርስዎ ፊት መናገር ካፈሩ ከባለሙያው ጋር ለብቻቸው ይነጋገሩ።

ሦስት ሳምንት ጥሩ ጊዜ ነው። በቀዶ ሕክምናው ዋዜማ በድንገት ካቋረጡ ድብርቱ፣ ድካሙና በዱካክ የሚመጣው አስጨናቂ ሕልም ልክ አእምሯቸው እንቅልፍ በሚፈልግባቸው ሌሊቶች ይደርስባቸዋል። ስለዚህ መጠኑን ከአሁኑ ጀምረው በየጥቂት ቀኑ ይቀንሱት፤ በርጫውን ወደ ረፋድ ይሳቡት፤ ከ9 ሰዓት በኋላ እንዳይቅሙ ይስማሙ፤ ቢቻል በመጨረሻው ሳምንት ጨርሶ ይቁም። ምርቃናውን ለማብረድ ማታ ጨብሲ የሚሉትን መጠጥ ወይም የእንቅልፍ ኪኒን የሚወስዱ ከሆነም ይነገር፤ አዘውትሮ የሚጠጣ ሰው ሆስፒታል ገብቶ መጠጡ በድንገት ሲቋረጥበት ብርቱ መቀባዠር ሊነሣበት ይችላልና መቀነሱ በሐኪም ክትትል መሆን አለበት።

ቡናውንም እንዲሁ ቀስ በቀስ ይቀንሱ፤ በአንድ ጊዜ የተከለከለ ቡናተኛ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በራስ ምታት ይሠቃያል። የመጨረሻው ስኒ ከቀትር በፊት ይሁን። ሆጃም ሆነ ከቡና ቅጠል የሚፈላው ቁጢ ካፌይን ስላለባቸው ቡና አይደሉም ተብሎ ማታ አይጠጡ። በቀዶ ሕክምናው ጠዋት ደግሞ የሰመመን ባለሙያው እንደ ውኃ ያለ ንጹሕ ፈሳሽ ለቀዶ ሕክምናው ሁለት ሰዓት እስኪቀረው ድረስ ቢፈቅድ እንኳ ወተት ያለበት ሆጃ በዚያ ውስጥ አይገባም፤ ወተት እንደ ምግብ ተቆጥሮ ስድስት ሰዓት አስቀድሞ ይቆማል።

ማንኮራፋታቸውን በተመለከተ፣ ዛሬ ሌሊት አጠገባቸው ሆነው ያዳምጡ። ማንኮራፋቱ በመካከል ተቋርጦ ትንፋሻቸው ለጥቂት ሰከንዶች ጸጥ ካለ በኋላ እንደ መታፈን ብለው በድንገት የሚስቡ ከሆነ፣ ቀን ላይም ተቀምጠው የሚያንቀላፉ ከሆነ፣ በእንቅልፍ ውስጥ የትንፋሽ መቋረጥ የሚባለው ሕመም ሊኖርባቸው ይችላል። ይህን ለሰመመን ባለሙያው መንገር ከጫቱ ያላነሰ አስፈላጊ ነው፤ እንዲህ ባለ ሰው ላይ ሞርፊንና የእንቅልፍ መድኃኒት ትንፋሽን ይበልጥ ያፍናሉ፣ አእምሮም ኦክስጅን ያንሰዋል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሐኪሙ ከፈቀደ በጀርባቸው ሳይሆን በጎናቸው፣ ራስጌው ከፍ ብሎ ይተኙ፤ የመጀመሪያውን ሌሊት የሚያድረው አስታማሚም ማንኮራፋታቸውን የሚያውቅ ሰው ይሁን። ማንኮራፋቱ ቆሞ ትንፋሻቸው ሳይመለስ የቆየ ሲመስለው ወዲያው ትከሻቸውን ነቅንቆ ይቀስቅሳቸው፤ ነርሷንም ይጥራ።